ዝም ያለው መንጋጋ

የፌሮው እስር ከስድስተኛው ፎቅ በላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ጥርሷ ወጋት። ውሃ ከመጎንጨቷ በቀር ምንም አላደረገችም። ጠርሙሱን ከመቀመጫዋ ጎን ሸጉጣ የክሬኑን እጀታ ወደ ግራ ስትገፋ፣ ከታችኛው መንጋጋዋ የተነሣ ሕመም እንደ ጋለ ሽቦ በጆሮዋ በኩል አልፎ ዓይኗን አጨለመው። እጇ ሳታዘው ዘለለ። የክሬኑ ክንድ ተንገጫግጮ ቆመ፤ እስሩ ግን አልቆመም። የፎቁ ወለል በሚሆነው ሶሌታ ላይ አጎንብሰው ብረት በሚያስሩት ፌራዮች አናት ላይ እንደ ዥዋዥዌ ሄዶ ተመለሰ። አንዱ በደረቱ ተኛ። ሌሎቹ የያዙትን እየጣሉ ወደ ዳር ሮጡ።

“ወፊቱ፣ አትደንግጪ” አለ በሬዲዮው የምልክት ሰጪው ድምፅ። “ተከተዪው። ቀስ። አሁን ያዢው።”

ክንዱን እስሩ ወደሚሄድበት ቀስ አድርጋ እያስኬደች መወዛወዙን ገደለችው፤ ከዚያም ብረቱን ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈችው። ማንም አልተነካም። በደረቱ የተኛው ፌራዮ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ወደ ላይ አንጋጦ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ከፍታ የሰው ፊት አይለይም፤ ባለመለየቱ ደስ አላት።

“ምን ሆንሽ?” አለ ሬዲዮው።

“ንፋስ ነው።”

የሕንፃውን ጎን የሸፈነው የአቧራ መረብ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ አንዲት ጫፉ እንኳ አትነቃነቅም።

“ውረጂ” አላት።

በዚያ ግንባታ ላይ ካሉት ኦፕሬተሮች ሴት እሷ ብቻ ናት። ወፊቱ ያሏት የቀን ሠራተኞቹ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት መሰላሉን ስትወጣ እያዩ መጀመሪያ ለሹፈት፣ በኋላ ግን ሌላ ስም ያላት እስከማይመስላቸው ድረስ። እሷም እንደ እነሱ በአሸዋ ጋሪ ነው የጀመረችው። ከጋሪው ወደ ጭነት ማሰር፣ ከጭነት ማሰር ወደ ሥልጠና፣ ከሥልጠናው ደግሞ “ሴት ከፍታ ላይ ልቧ ይርዳል” የሚሉት ሰዎች የሚሉት እስኪያጡ ድረስ እንከን የሌለው ሥራ። ያን ወንበር ያገኘችው ጥርሷን ነክሳ ነው። አሁን የምትነክሰው ጥርስ ራሱ ከዳት።

መሰላሉ ሥር ምልክት ሰጪው ቆሞ ጠበቃት። ጋሽ ፊሽካ ይሉታል፤ ሬዲዮ ከመምጣቱ በፊት በፊሽካና በእጁ ብቻ ክሬን ያዝዝ የነበረ ሰው ነው። ሽበቱ ከሄልሜቱ ሥር ብቅ ብሏል። ንፋስ እንዳልነበረ እሱም እሷም ያውቃሉ፤ ስለዚህ የንፋሱን ነገር አላነሣባትም።

“ጥርሴ ነው፣ ጋሼ” አለች።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ ያማት ነበር፤ ቀጥሎ ትኩስም ያማት ጀመር፤ አሁን ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሣል። በቀኝ በኩል ብቻ ማኘክ ከጀመረች ቆይታለች። ቅርንፉድ ነክሳበታለች፣ ማስታገሻ ክኒን እንደ ከረሜላ ቅማዋለች። ሐኪም ጋ ለመሄድ ግን ከወንበሩ መውረድ አለባት፤ ወንበሩን ደግሞ ብዙ ሰው ይመኘዋል።

ጋሽ ፊሽካ ሰምቶ ሲጨርስ ሬዲዮውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

“ስሚኝ ልጄ። ለፎርማኑ አሟታል እንጂ ሌላ አልለውም። ግን ይህን ጥርስ ይዘሽ ከወጣሽ እኔ ከታች አልቆምልሽም። ያ በደረቱ የተኛው ልጅ የእኔ እህት ልጅ አይደለም፤ የአንዷ እህት ልጅ ግን ነው።”

ሄልሜቷን አወለቀች።

እናቷ ነገሩን ስትሰማ አንድ መፍትሔ ብቻ ነበራት። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ጠባብ ቤት ነው፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ዓይኗ ሲደክም ተወችው። አፏ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ከፊት ጥቂት፣ ከኋላ ደግሞ እዚህም እዚያም ናቸው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች፤ ዳቦ ሻይ ውስጥ ሳትነክር አትበላም።

“የታመመ ጥርስ መድኃኒቱ ጉጠት ነው” አለች። “ይነቀላል፣ ይጣላል፣ ያልቃል። ነገ ሥራሽ ትገቢያለሽ።”

ልጅቱም ይህንኑ አስባ ነበር። መነቀል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በዚያው ሐሳብ ሄዳ ክሊኒኩ ወንበር ላይ ስትጋደም፣ ሐኪሟ ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ “ይንቀሉልኝ” አለቻት።

ሐኪሟ ከእሷ ብዙ የማትበልጥ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። እሺም እምቢም ሳትል አፏን አስከፈተቻት። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በብረት ዘንግ ጫፍ መታ መታ አደረገች፤ የታመመው ላይ ስትደርስ ወንበሩ ላይ የተጋደመችው ሴት እግር ተነሣ። ቀጥላ በረዶ የነካ ጥጥ በጎረቤቱ ጥርስ ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቀዝ አለና ወዲያው ለቀቀ። የታመመው ላይ ስታሳርፈው ግን ሕመሙ ጥጡ ከተነሣ በኋላም አልሄደም፣ እያስተጋባ ቆየ። ከዚያ ራጅ አነሣቻት። ምስሉን መብራት ላይ ይዛ በትንሿ ጣቷ አሳየቻት፤ የጥርሱ ነጭ አካል፣ በጎኑ ገብቶ ወደ ውስጥ የወረደው ጥቁር ጉድጓድ፣ ከታች እንደ ሱሪ እግር ለሁለት የተከፈለው ሥር።

“ጥርስ ድንጋይ ይመስላል እንጂ መሐሉ ባዶ አይደለም” አለች ሐኪሟ። “ውስጡ ሥጋ አለ፤ ነርቭ፣ ደም ሥር። ብስባሹ እዚያ ደርሷል። ሌላ ቦታ ቢሆን ሥጋ ሲቆጣ ያብጣል፣ ቆዳው ይለጠጥለታል። እዚህ ግን ዙሪያው ግድግዳ ነው፤ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ጆሮሽ ድረስ የሚወጋሽ ለዚያ ነው።”

“እሺ፣ ይውጣልኛ።”

“የታመመው ውስጡ ነው፤ ጥርሱ አይደለም። ሥሩ አጥንትሽን አጥብቆ ይዟል። እዚህ ሥር ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ። የተቆጣውን ሥጋ ከነሱ ውስጥ አወጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒት አኖርበታለሁ፤ ሲጠራ ደፍኜ እዘጋዋለሁ። በኋላ ከላይ ሽፋን ይደረግለታል። ትበዪበታለሽ።”

“ከተነቀለስ?”

“ከተነቀለ ሕመሙ ይቆማል። ግን ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ላይኛውም የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ነቅለሽ ሦስት ይበላሹብሻል። የግድ ሲሆን እነቅላለሁ፤ ይህ ግን የግድ አይደለም።”

ኦፕሬተሯን ያስጨነቃት ሌላ ነበር። ስንት ጊዜ መምጣት እንዳለባት ጠየቀች። ዛሬና በሚቀጥለው ሳምንት፣ ምናልባትም ሌላ አንድ ጊዜ እንደሆነ ተነገራት። ዋጋውም ከነቀላው ይበልጣል። ከወንበሩ ሆና የራጁን ምስል ዳግመኛ አየችው። ሥሩ እውነትም ጠንካራ ይመስላል። የእናቷ አፍ ትዝ አላት። ይህን እያሰበች ሳለች ሐኪሟ አላጣደፈቻትም፤ መርፌውንም ገና አላነሣችም።

“ይሁን” አለች በመጨረሻ። “ያማል?”

“ማደንዘዣው መጀመሪያ ላይ ላይበቃሽ ይችላል፤ የተቆጣ ጥርስ ቶሎ አይደነዝዝም። ሲሰማሽ ግራ እጅሽን አንሺ፣ እጨምርልሻለሁ። ችለሽው እንዳትቀሪ። እዚህ መቻል ሥራዬን ያበላሽብኛል።”

እንዳለችው የመጀመሪያው መርፌ አልበቃም። እጇን አነሣች፤ ተጨመረላት። እንደገና ልታነሣ ሲዳዳት ግማሽ ፊቷ የሌላ ሰው ሆነ። በጥርሱ ዙሪያ ቀጭን ላስቲክ ተወጠረ፤ ምራቅም ሆነ መሣሪያ ወደ ጉሮሮዋ እንዳይሄድ ነው ተባለች። ከዚያ መሰርሰሪያው፤ ከዚያ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ጎናቸው እንደ ሞረድ የሻከረ ሽቦዎች። ሐኪሟ አንዱን አስገብታ በጣቷ ሽክርክር ታደርግና ታወጣዋለች፣ ታጥባለች፣ ሌላ ታስገባለች። አያምም፤ መፋቁ ብቻ ይሰማል፣ ሩቅ ቤት ውስጥ ሰው ድስት እንደሚፈትግ። መጥፎ ሽታ መጣና ሄደ። ኦፕሬተሯ ጣሪያውን እያየች የሐኪሟን እጅ አሰበች፤ የሚሠራበትን ቦታ ሳያይ፣ በመነካት ብቻ እንዴት እንደሚሄድ። እሷም ጭጋግ ሲኖር በሬዲዮ ድምፅ ብቻ ጭነት ታወርዳለች። ይህ ትንሽ አጽናናት።

ሲያልቅ ሐኪሟ ጥርሱን በነጭ ማሸጊያ ዘጋችው።

“አሁን የምነግርሽን አትርሺ” አለቻት። “ነገ ከነገ ወዲያ ሕመሙ ይጠፋል። ሲጠፋ ጨረስኩ እንዳትዪ። የማያምሽ የሚያመውን ነገር ስላወጣሁት ነው እንጂ ሥራው ስላለቀ አይደለም። ክዳኑ ጊዜያዊ ነው፣ ይለቃል። ውስጡ ሳይደፈን ከቆየ ተመልሶ ይበከላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብክለቱ ሳያምሽ ነው ሥራውን የሚሠራው።”

እውነትም ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ሆን ብላ በግራ በኩል ያዘች፤ ምንም። ጥርሱ እንደ ሌላ ሰው ንብረት ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንቅልፏ ተመለሰ፣ ጋቢናዋ ውስጥም እጇ ተመለሰላት። ጋሽ ፊሽካ በሬዲዮ “ዛሬስ ንፋሱ እንዴት ነው?” እያለ ይቀልድባታል። በደረቱ የተኛውን ፌራዮ ምሳ ሰዓት ላይ ፈልጋ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም “እኔ እንኳ ልተኛ ፈልጌ ነበር፣ ምክንያት ሰጠሽኝ” ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ፎርማኑ የስድስተኛው ፎቅ ሶሌታ የኮንክሪት ሙሊት በየትኛው ቀን እንደሆነ አስታወቀ። የሐኪም ቀጠሮዋ ያን ቀን ጠዋት ነው።

ሙሊት አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ሚክሰሮቹ ተራ በተራ ይመጣሉ፣ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ የክሬኑ ባልዲ መመላለስ አለበት፤ ክሬኑ ላይ ያለው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ አይወርድም። ወደ ክሊኒኩ ደውላ ቀጠሮው እንዲዛወርላት ጠየቀች። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ሐኪሟ ከዚያ ቀን በኋላ ለሥልጠና እንደምትሄድና ለረጅም ጊዜ እንደማትመለስ ነገረቻት። ስልኩን ዘግታ ግራ ጉንጯን በምላሷ ከውስጥ ገፋ አደረገችው። ምንም አያማትም።

ማታ እራት ላይ ለእናቷ ነገረቻት። “አያመኝም እኮ” አለች። “ሐኪሟ ስትመለስ እሄዳለሁ።” ነቅሎ መጣል ይሻላል ያለች እናት ‘ደግ አደረግሽ’ ትላለች ብላ ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን ሻይ ውስጥ የነከረችውን ዳቦ ወደ ሳህኑ መለሰችው።

“የእኔም እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር” አለች።

“የቱ?”

“የመጀመሪያው። አንቺን ታቅፌሽ ነው፤ ገና ጡት ትጠቢያለሽ። ሌት ተቀን ሲያንገበግበኝ ሰነበተና አንድ ቀን ድንገት ተወኝ። እልል አልኩ። ረሳሁት። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሣ ይህ ሁሉ” አለች፣ ከጉንጯ እስከ አንገቷ በእጇ እያሳየች፣ “ይህ ሁሉ አብጧል። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። አባትሽ ተሸክሞ ሆስፒታል ወሰደኝ። መግሉ ወደ አንገቴ ወርዶ ነበር፤ ከዚህ ቀደዱኝ። አንቺን ጎረቤት ነው ያጠባችሽ። እኔማ የምመለስ አልመሰለኝም።”

ልጇ ከእናቷ አገጭ ሥር ያለውን ትንሽ ጠባሳ ዕድሜዋን ሙሉ አይታዋለች። በልጅነቷ ወድቃ የተጎዳችው ይመስላት ነበር፤ ጠይቃም አታውቅም።

“ለዚህ ነው ጉጠት የምትዪው?”

“ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥርስ ገና ሲጀምረኝ ሮጬ ሄጄ አስነቅላለሁ። የሚጮኸውን አልፈራም። ዝም የሚለውን ነው የምፈራው።” አፏን በእጇ ከደነች፤ ስቃ ግን አይደለም። “እንዲህ ታጥቦ ተደፍኖ ይድናል ያለኝ ሰው አልነበረም። አንቺን ግን ይድናል ያለሽ ሰው ካለ፣ ሂጂ።”

በማግስቱ ፎርማኑን አነጋገረችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሶሌታ ሙሊት ሲደርስ ግን ማንም ደግ አይሆንም። የጥርስ ሐኪም ሲባል ቀና ብሎ ጉንጯን አየ፤ አላበጠም። ያማት እንደሆነ ጠየቃት። አያመኝም አለችው፤ ችግሩ እሱ መሆኑንም ልታስረዳው ሞከረች። እሱም ያልታመመ ጥርስ ለማሳከም ሙሊት የሚተው ሰው አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ እንዲህ አላት፤

“ለአንድ ቀን ብለሽ ትወርጃለሽ። ወንበር ግን ለአንድ ቀን አይያዝም።”

ፎርማን ጥርስ ውስጥ ከገቡ መውጫው ከባድ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም እንደማትመጣ ነገረችው። የሚተካት ሰው ከጎረቤት ሕንፃ እንዲመጣ ተወሰነ፤ ሎጋው የሚሉት ረጅም ኦፕሬተር። እሱ ነው አንድ ጊዜ ሠራተኛ በተሰበሰበበት “ወፍ ንፋስ ወደወሰዳት ነው የምትሄደው” ብሎ ያሳቀባት። የእሷን ክሬን ለረጅም ጊዜ ሲመኝ ኖሯል፤ ከክሬኖቹ ሁሉ ከፍ ያለውም አዲሱም የእሷ ነው።

የሙሊቱ ቀን ጠዋት ክሊኒክ ከመሄዷ በፊት በግንባታው በኩል አለፈች። የጋቢናውን ቁልፍ ማስረከብ ነበረባት። ሚክሰሮቹ በሩ ላይ ተሰልፈው ሆዳቸውን እያዞሩ ያጓራሉ። ሎጋው ቁልፉን ተቀበላት፤ ሌላ የሚነገረው ነገር እንዳለ ጠየቃት። “ታውቀዋለህ፣ ያው ክሬን ነው” አለችው። መሰላሉን ሲወጣ ጀርባውን አየችው።

ያው ክሬን አልነበረም። ማሽን ሁሉ የራሱ ጠባይ አለው፤ የእሷ ደግሞ ወደ ግራ ሲዞር ፍሬኑ ትንሽ ይዘገያል። መካኒኮቹ አይተው ከልክ አልወጣም ብለዋታል። እሷ ከለመደችው ቆይታለች፤ ክንዱ ሊደርስ ሲል እጀታውን ቀድማ ትለቀዋለች፣ ቀሪውን ራሱ ሄዶ ዓላማው ላይ ይቆማል። ሰው ከታች ሆኖ ሲያይ የእጇ ቅልጥፍና ይመስለዋል። ለማንም ነግራ አታውቅም። ሎጋው በለመደው ጊዜ ከለቀቀ ባልዲው ያልፍበታል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ያልፍበታል፤ አናጺዎቹ ይሳለቁበታል፤ ፎርማኑም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደውልላታል። ወንበሩን የሚጠብቅላት ይኸው ፍሬን ነው።

በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ዘበኛው መዝጊያውን ከፍቶላት ቆሟል። ዞር ስትል የመጀመሪያው ሚክሰር ባልዲው ውስጥ ኮንክሪት ሲገለብጥ አየች፤ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ በግራ በኩል፣ አናጺዎቹ የሶሌታው ጫፍ ላይ ተሰብስበው ባልዲውን ይጠብቃሉ። ከኋላቸው ክፍት አየር ነው።

ተመልሳ ወደ ጋሽ ፊሽካ ሄደችና እጇን ዘረጋች። ምንም ሳይጠይቅ ሬዲዮውን ሰጣት። ፎርማኑ አጠገቡ ቆሟል፤ ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ይሰማል።

“ሎጋው፣ እኔ ነኝ” አለች። “ወደ ግራ ስታዞረው ፍሬኑ ይዘገያል። ከለመድከው ቀድመህ ልቀቀው።”

ሎጋው ከላይ መለሰ።

“ምን ያህል ቀድሜ?”

“ክንዱ የአሳንሰሩ ግንብ ጋ ሲደርስ። ባልዲው ሙሉ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም አድርገው። ቀሪውን ራሱ ይሄድልሃል።”

“ሙሉ ነው።”

“እንግዲያው ቀደም አድርገው።”

“እሺ” አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ “እሺ፣ እህቴ።”

ፎርማኑ ዞሮ አያት። ባልዲው ተነሣ። እየከበደ፣ እያዘገመ ወጣ፤ ክንዱ ወደ ግራ ዞረ። ግንቡ ጋ ሳይደርስ ሞተሩ ድምፁን ሲቀንስ ሰማች። ባልዲው ቀሪውን መንገድ ብቻውን ሄዶ አናጺዎቹ ከዘረጉት እጅ ፊት ለፊት ቀጥ አለ፤ የአንዳቸውንም ሄልሜት አላለፈም። ኮንክሪቱ ሶሌታው ላይ ሲዘረገፍ ከላይ የሥራ ድምፅ ተነሣ።

“ተስተካክሎ ሄደ” አለ ጋሽ ፊሽካ።

“አየሁት።”

ሬዲዮውን መለሰችለት። ባዶው ባልዲ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ቀጣዩ ሚክሰርም ወደ ኋላ እየተጠጋ ነው። ሁለተኛውን ለማየት አልቆመችም። ክሊኒኩ ሊከፈት ጥቂት ቀርቶታል፤ በሩን አልፋ መንገዱን ተሻገረች።